የሐሙስ የሳውና ተራችን

ሄልካ፣

የደሴቱ ጀልባ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልሽ። የሾርባ ኩባንያዬን ለቅቄያለሁ። ማታ በዜና ትሰሚዋለሽ። "ታማ ነው" ቢሉሽ እንዳታምኚ፤ ደህና ነኝ።

ፍሪጄ ውስጥ የዓሣ ሾርባ አለ። የፋብሪካዬ አይደለም፤ በእጄ የሠራሁት ነው። ስታሞቂው እንዳይፈላ፣ ወተቱ ይበላሻል።
የመስኮቱን አበባ አጠጪልኝ።

የምሄደው በአንዲት የደሴት ትምህርት ቤት ምሳ ላበስል ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ለአገር ሾርባ ሳሽግ ኖሬ፣ አንድ ሰው ማንኪያውን ሲልስ ካየሁ ቆየሁ። "ጠግበሽ ነው!" እንደምትይኝ አውቃለሁ። በይ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልሄድም። ቤቶቻችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ሆኖ ሳለ፣ ባለፈው ሳምንት የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናው ውስጥ፣ አብረን እንድንገባ በጸሐፊዬ በኩል ቀጠሮ አስያዝሽ። እሷም ከባንኩ ስብሰባ ቀጥላ መዘገበችሽ። ስቄ አሳለፍኩት፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድሮ የቤት ኪራይ ሲያጥረን፣ ግድግዳውን ትደበድቢና "አውኔ! የሳውናው ድንጋይ ግሏል፣ ነይ ውጪ!" ትይኝ ነበር። መደብደብ የተውሽው መቼ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም።

የሕንፃው ሳውና ተራችን አሁንም ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ለሌላ ጎረቤት እንዳትሰጪብኝ፤ ጀልባ ባገኘሁ ቁጥር እመጣለሁ።

በዚህ ሐሙስ አልደርስም። አንቺ ግን ከመውረድሽ በፊት ግድግዳውን ደብድቢልኝ።

አውኔ