ዳንቴል ለብሶ ስለሚኖረው ማሽንና ስለ ተማሪ ጦና ጥፋት

ወላይታ ሶዶ፣ ግንቦት 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኮሌጃችን የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ልህቀት ማዕከል ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከወገብዎ የማይለየው የማዕከሉ ቁልፍም በደኅና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የቁልፉ ክብደት ጎንዎን እንዳያመዎ ዘወትር ጸሎቴ ነው።

እኔ በኮሌጁ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህርት ሰገነት ኤርሳዶ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳ ባስለጠፉት ማስጠንቀቂያ፣ የተቋሙን ገጽታ ስላበላሸሁ ይቅርታ በጽሑፍ እንድጠይቅ አዝዘውኛል። መልሴን ከማስጠንቀቂያዎ ጎን መለጠፌ ለወጉ ያህል ነው። ይቅርታው ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ሲፈልጉት እንዳይደክሙ ከወዲሁ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳና ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ማሽኑን ስለጠበቁልን። ዓምና ለማስተማሪያና ለምርምር ተብሎ ያንን ትልቅ ሰርቨር በእርዳታ ስናገኝ፣ መምህራን እንደ ሠርግ ቤት ደስ ብሎን ነበር። እርስዎም ሪባን ቆርጠው፣ በመስታወት ክፍል አስቀምጠው፣ አቧራ እንዳይነካው ነጭ ዳንቴል አልብሰው ቆለፉበት። ተማሪዎቼን ይዤ ልግባ ብዬ ስጠይቅዎ፣ "መምህርት፣ ተማሪ ከነካው ይበላሻል" አሉኝ። ብቻዬን ልግባ ስል ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ስለሌለ አይቻልም አሉኝ። ለሥልጠናው ውጭ አገር የተላኩት እርስዎ መሆንዎን ያኔ ማስታወሴ ምናልባት ድፍረት ሳይሆን አልቀረም።

2. ስለ ትዕግሥትዎ። በጥልቅ ተሃድሶው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስን በጠመኔ ብቻ እያስተማርኩ እስከ መቼ ልዝለቅ ብዬ ብጠይቅ፣ ጥያቄዬ የኪራይ ሰብሳቢነት አዝማሚያ እንዳለበት በጨዋ ቋንቋ አስረዱኝ። እኔም ተቀመጥኩ። ተማሪዬ ጦና ግን አልተቀመጠም።

ጦናን ያውቁታል፤ ከዲስፕሊን ኮሚቴው ፊት ያቆሙት ዓይነ ስውሩ ልጅ ነው። ሲመረቅ በሁምቦ ወረዳ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስተምር ይፈልጋል። እዚያ የሚማሩት በወላይትኛ ነው። ጽሑፍ የሚያነብለት የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ ያውቃል። የወላይትኛው መጽሐፍ በላቲን ፊደል ስለተጻፈ፣ ያ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አፍ እየተኮላተፈ ሲያነበው እኔም ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስቄያለሁም። ጦና አልሳቀም። "መምህርት፣ በዚህ ድምፅ ሕፃናት ፊት ልቆም ነው?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ መሳቅ አልቻልኩም። ወላይትኛ የሚያነብ ድምፅ ለኮምፒውተሩ እናስተምረው ተባባልን። እኔ ከመጽሐፉ ዓረፍተ ነገሮችን እያነበብኩ ድምፄን ቀዳሁ፤ እሱም ጆሮውን ጥሎ እያዳመጠ የተበላሸውን አስደገመኝ። ፕሮግራሙ ከሰው ድምፅ ንባብ እንዲማር ኃይለኛ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ ዳንቴል ለብሷል። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ጌም ቤት ወዳለው ወደ ፈሪድ ሄድን። ፈሪድ ወላጆቹ ከስልጤ የመጡ የሶዶ ልጅ ነው። ለኳስ ጌም ብሎ ያስገጠመው ኮምፒውተር ለእንዲህ ያለ ሥራም የሚበቃ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ነበረው። ጉዳያችንን አዳምጦ ሲያበቃ፣ "ጠዋት ጠዋት ደንበኞቼ ትምህርት ቤት ናቸው። ሥራ ፈቶ ከሚውል ይማርላችሁ፤ ደግሞ ኮምፒውተር ሲማር አይቼ አላውቅም" አለን።

ሳምንታት ፈጀብን። መብራት ሲጠፋ የተማረውን ይረሳል፤ እኛም እንደገና እንጀምራለን። አንድ ጠዋት ግን በእኔ ድምፅ "ሳሮ" ብሎ ሰላም አለን። እኔ ያላነበብኩትን ገጽ ሲያነብ፣ ወደ ውስጥ የሚዋጠውን የወላይትኛ "ዸ" እንኳ አልሳተውም። ጦና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፈሪድ ሱቁን ጥሎ ወጥቶ፣ በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ "ኑ ስሙ! ኮምፒውተሬ ወላይትኛ ቻለ!" እያለ ጠራ።

3. ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ። ከበላይ አካል ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ እርስዎ በትሕትና አስጠሩን። "ያንን የሚናገረውን ነገር አምጡና በማሽኑ አሳዩ" አሉ። ማሽኑ በርቶ እንደማያውቅ ስነግርዎ፣ ድምፁን የገለበጥኩበትን የእኔን ላፕቶፕ ከጀርባው አስደብቀው ድምፅ ማጉያውን ከላዩ አስቀመጡ። እኔም ሥራው ይታይ ብዬ ዝም አልኩ። እንግዶቹ ሰምተው አጨበጨቡ። እርስዎም ማዕከሉ ያስገኘው ፍሬ መሆኑን ገለጹ። ከዚያ አንዱ እንግዳ ጦናን፣ "ይህ ማሽን ምን ያህል ጠቀመህ?" ብለው ጠየቁት።

ጦና ልንካው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ እንግዳው ፈቀዱለት። በዳንቴሉ ሥር እጁን ሰድዶ ዳሰሰው፤ ጆሮውንም አስጠጋ። "ጌታዬ፣ ይሄ ቀዝቃዛ ነው። እኛ የሠራንበት ሲማር እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይግላል፤ ድምፁም ያስጨንቃል። ይሄኛው ወላይትኛ ይቅርና መተንፈስም የተማረ አይመስለኝም" አለ። እንግዳው ዳንቴሉን ገለጥ ሲያደርጉ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከፋብሪካ እንደታሰረ ነበር። የማን ገጽታ እንደተበላሸ ያን ጊዜ የማያይ ሰው በክፍሉ አልነበረም፤ ጦናንም ጨምሮ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቁጥር አላቀርበውም፤ ምስጋና አይደለምና። ማሽኑን ነካ ብለው ልጁን ከመመረቅ ሊያግዱት ለኮሚቴ አቀረቡት። ሌሊት እያነበበ፣ የሰው ዓይንና አፍ እየለመነ እዚህ የደረሰን ልጅ! አብሬው ገብቼ ነበር። ሰብሳቢው ጥፋቱን ያምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ "መንካቴን አምናለሁ። ቀዝቃዛ መሆኑ ግን የእኔ ጥፋት አይደለም" አለ። አንድ አባል ሳቃቸው አመለጣቸው። ሌሎቹ አቀረቀሩ። በመጨረሻም በቃል ማስጠንቀቂያ አሰናበቱት፤ ማገዱ አልተሳካልዎትም፣ እግዚአብሔር ያጽናናዎ።

አሁን ጦና በሁምቦ ወረዳ፣ በተበላ ከተማ፣ በማስተማር ልምምድ ላይ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ በአንድ ጆሮው ያነብለታል፣ እሱ ለልጆቹ ይደግምላቸዋል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ የተሳሳተች እንደሆነ ከመምህሩ ቀድመው ጓደኞቿ ያርሟታል። የጉኑኖ ከተማ መምህራንም ድምፁን በፍላሽ ወስደዋል። ማንንም አላስፈቀድንም።

ስለዚህ ክቡር ዳይሬክተር፣ ይቅርታ አልጠይቅም። ሥራው በማዕከልዎ ተሠራ ብዬም አልፈርምም፤ የተሠራው በፈሪድ ጌም ቤት ነው፣ በሪፖርቴም የምጽፈው ይህንኑ ነው። የእኔን ስንፍና ግን አምናለሁ፦ ላፕቶፔን ሲደብቁ ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ጦና የተናገረውን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያንን ለማካካስ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የማሽን ለርኒንግ ክፍለ ጊዜዬን በማዕከሉ ደጅ፣ በመስታወቱ ፊት ለፊት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ወንበር ይዘው ይመጣሉ። ዝናብ ከሆነ ጃንጥላ እንይዛለን። በሩ እስኪከፈት እዚያው ነን። ጥበቃ ጠርተው ቢያስነሡን፣ በማግስቱ ተመልሰን እንቀመጣለን።

ለቢሮዎ ምንጣፍ እንኳ ቅን አክብሮት ያላት፣ ሰኞ ጠዋት በመስታወት ውስጥ እጅ ልትነሣዎ የምትናፍቅ፣

መምህርት ሰገነት ኤርሳዶ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ማኅበረሰብ በሙሉ
ይህን ወረቀት ከሰሌዳው ለሚነቅለው ሰው (ሌላ ቅጂ አለኝ)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የአምራቹን ድረ ገጽ ባይ የሰርቨሩ ዋስትና ባለፈው ወር አብቅቷል። ሳይበላሽ ዋስትናውን የጨረሰ ማሽን በዞናችን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እንኳን ደስ አለዎት።