በደንብና በሥርዓት ስለተፈጸመው የሜዳ ፍየል አደን

ለክቡር የቆላ ዱር እንስሳት አደን አስተዳደር ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ የቁስቋሟ እመቤት ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናና ዕድሜ ትስጥልኝ። ሸዋአየሁ ተክለ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ በቆላው ጥብቅ ስፍራ ስካውት ሆኖ የዱር እንስሳት ሲጠብቅ የኖረው የሙሉቀን ታላቅ እህት ነኝ። ቢሮዎ አደኑ «በደንብና በሥርዓት፣ ያለ አንዳች ጉዳት» መጠናቀቁን በሬዲዮ ሲያበሥረን፣ ወንድሜ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለነበረ ምሥራቹን አልሰማም። እኔ ግን ስለሰማሁ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከአደኑ በፊት በሰጣችሁት መግለጫ፣ የሜዳ ፍየል ከቅጠልና ከጤዛ በምታገኘው እርጥበት ብዙ ቀን ያለ ውኃ የምትቆይ የበረሃ ፍጡር መሆኗን፣ ግልገሏንም ሣር ውስጥ ደብቃ እንደምታሳድግ አስተምራችሁናል። ስለዚህም የሚታደነው ከመንጋው የተገለለ ያረጀ ወንድ ብቻ፣ ያውም በእግር ተከታትሎ እንደሆነ ቃል ገብታችኋል። ሙሉቀን ይህን አምኖ ባለሀብቱን እንግዳችሁን ሊመራ ሄደ። ከቢሮ የወጣ ቃል ያምናል፤ በዚህ በአባታችን ወጥቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ማኪናችሁ አመሰግናለሁ። ሹፌራችሁ ክንዱ እንደነገረኝ፣ እንግዳዎ ሙቀቱ ስለከበዳቸው በእግር መሄዱን ትተው ከማኪናው ጀርባ ላይ ቆመው ይተኩሱ ጀመር። ሙሉቀን ያሳያቸውን ሽማግሌ ወንድ ንቀው መንጋውን አሳደዱ። የመጀመሪያዪቱን መንጋጋዋን ገነጠሏት፤ ምላሷ ተንጠልጥሎ ሮጠች። ሌላዪቱ ወገቧ ተሰብሮ፣ በፊት እግሮቿ እየተጎተተች ደሟን አሸዋው ላይ አሰመረች። ሦስተኛዪቱ ሆዷን ተመታች፤ ስትወድቅ ጸጉር ያበቀለ ግልገል ከነእንግዴ ልጁ ወጥቶ መሬት ላይ ተንፈራገጠ። አብሮ የሄደው ባለሙያችሁም ፎቶግራፍ አነሣ።

ከመንጋው የቀሩት ግራ ተጋብተው ሲቆሙ እንግዳዎ ከማኪናው ወርደው አነጣጠሩ። ሙሉቀን ሄዶ ከፊታቸው ቆመ።

«ምነው ጌታዬ፣ ይብቃዎት እንጂ፤ እነዚህ እናቶች ናቸው» አላቸው።

«ዞር በል።»

አልዞረም። አፈ ሙዙን በእጁ ያዘ። ክንዱ እንደሚለው እንግዳዎ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፤ ጠመንጃውን ነጥቀው፣ ዝቅ አድርገው ጉልበቱ ላይ ተኮሱ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጣጠቀ። ክንዱ ሸሚዙን ቀዶ ጭኑን አሰረለትና ወደ ጎንደር ሊበር ሲነሣ፣ ባለሙያችሁ አስቀድሞ ግዳዩን እንዲጭን አዘዘው። ወንድሜ ከሞቱት የሜዳ ፍየሎች ጋር ተጋድሞ፣ ደሙ ከደማቸው እየተቀላቀለ መጣ። ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ መንጋጋዋ የተገነጠለችው ተገኝታ እንደሆነ ነው። አልተገኘችም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ። ክንዱ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ በማግሥቱ ከሥራ አሰናበታችሁት። እንግዳዎ ንግዳቸውን ቀጥለዋል። እኔም ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ስበው ካስቀመጡኝ በኋላ፣ «እህቴ፣ በአደን ቦታ መሣሪያ ፊት መቆም ደንብ መጣስ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ደንብ አዋቂ ሹም ስለሰጠን አምላክን አመስግኜ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ዘበኛችሁ ውኃ አቀበለኝ፤ ከቢሮዎ ያገኘሁት ብቸኛ መስተንግዶ እርሱ ነው።

ከዚያ ተነሥቼ በቀጥታ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄድኩ። ክንዱ ሥራውን ቢያጣም ቃሉን አላጠፈም። ክሱ ተመሥርቷል፤ እንግዳዎ በአንደኛ ተከሳሽነት፣ ባለሙያዎ በሁለተኛነት ተጠርተዋል። እርስዎን ያህል ሰው ሦስተኛ ማድረግ ክብርዎን መንካት መስሎ ከተሰማዎት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መሣሪያዎ የማይከሽፍ፣ ማኪናዎ የማይቆም፣ እንግዳዎ የማይሰለች እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በችሎት እስክንተያይ ድረስ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሸዋአየሁ ተክለ ጊዮርጊስ
ከቁስቋም፣ ጎንደር

ሳልጽፍ የቀረሁት፦ ትናንት ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ለሙሉቀን ደውላ፣ ለመጪው በጋ ሌሎች እንግዶች ስለሚመጡ፣ ቆላውን የሚያውቀው እርሱ መርቶ እንዲወስዳቸው በትሕትና ጠየቀችው። «በየትኛው እግሬ?» አላት። «አለቃዬን ጠይቄ እደውልልሃለሁ» አለችው። ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ መልስዎን እየጠበቀ ነው።