ሙጫው ላይ ስላገኘኋት አይጥ

ሊሊሴ፣

ጠዋት ስትወጪ ላለማነጋገር ብዬ የተኛሁ መስዬ ቆየሁ። አሁን ቢላ ከተማ እህቴ ጋ እየሄድኩ ነው፤ እስከ ሰኞ አልመጣም።

ከጤፉ ጆንያ ሥር ያስቀመጥሽው ሙጫ ትናንት አይጧን ይዟት አገኘሁ። በሕይወት ነበረች። እግሮቿን በዘይት እያላቀቅሁ ሳለ እጄ ላይ ሞተች። ከጆንያው ጀርባ ጸጉር ያላወጡ አምስት ልጆች ነበሯት። በጥጥ ጠቅልዬ ባሞቃቸውም አንዳቸውም አልተረፉም።

ሙጫ እንዳታመጪ ለምኜሽ ነበር። «አይጥ እኮ ናት፣ ባዩሽ» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ቀዳዳውን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ደፍኜዋለሁ። ዱቄቱንና ለውዙን ክዳን ባለው ባልዲ ከትቻለሁ። ሌላ ከመጣች፣ ኦቦ ጨመዳ የሰጡን የሽቦ ወጥመድ ከበሩ ጀርባ አለ፤ ሳይገድል ይይዛል። ጠዋትና ማታ እይው። የያዘ እንደሆነ ወንዙ ማዶ ወስደሽ ልቀቂያት። መንካቱ ከቀፈፈሽ ኦቦ ጨመዳን ጥሪያቸው፤ አከራያችን ቢሆኑም እንዲህ ያለ ነገር አይከብዳቸውም።

ትናንት ከሥራ ስትገቢ «አንቺ እናት የለሽም?» አልኩሽ።
ጥር ላይ ኑኑ ቁምባ ድረስ አብረን ሄደን እናትሽን ቀብረናል። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።
ክፍልሽ ገብተሽ በሩን ዘጋሽ።
ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

በሙጫው አሁንም ተቀይሜሻለሁ። እሱን አልደብቅሽም።
ሌላው ግን በወረቀት የሚባል አይደለም።

ሰኞ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና እገባለሁ። ከቻልሽ ቤት ጠብቂኝ።
ካልፈለግሽም ቁልፉን ኦቦ ጨመዳ ጋ ተዪልኝ፤ ይገባኛል።

ባዩሽ