የዘለቀ ጉርሻ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሲራክ፣ ከታናሽዎ ከዓምደሚካኤል።

ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጆበርግ ብርድ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ ተመስገን።

ፎርድስበርግ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር ምሳ ስንበላ አንድ ሰው «ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው በሆዱ ነው» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው፤ የሁላችንም ሆድ ገፍቷል። በማዕድ ስለ ኳስ እናወራለን፤ እንባችንን ለቴሌግራም ቡድናችን እናስቀምጣለን።

ባለፈው ፓስፖርቴን ላሳድስ ኤምባሲያችን ብሄድ፣ ሠራተኛው የገዛ ድምፄን ከስልኩ አሰማኝ። ባለቤቴ ሔራን ጥላኝ የሄደች ሰሞን እያለቀስሁ መንግሥትን የረገምሁበት የድምፅ መልእክት ነው። «ጋሼ፣ አገሩን እንዲህ ከጠሉት ፓስፖርቱ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ባዶ እጄን መለሰኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

ከቡድናችን አንዱ አሳልፎ እንደሰጠኝ አልተጠራጠርሁም። በማግስቱ የቅርብ ወዳጄ ዘለቀ እንደ ልማዱ ሊያጎርሰኝ ሲል እጁን መለስሁት። «ጆሮ ጠቢ አያጎርሰኝም» አልሁት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እኔን ነው?» አለ። ጉርሻውን ትሪው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ለእትዬ ብሥራትና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ዕድሜና ጤና አይንሳችሁ። ቡድኑን ከላይ እስከ ታች ፈትሼ ያንን ድምፅ አላገኘሁትም። የላክሁት ለእርስዎ ብቻ ነበር።