የአንገትሽ አራተኛው ረድፍ

ለሚስቴ ለአስካለ፤

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ያለሽበትን ቦታ እኔ አላውቀውም። ደብዳቤ ግን አንድ ነገር ብሎ መጀመር አለበት ትላለች የምትጽፍልኝ። እንግዲያው እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺም ደህና ሁኚ። በሕይወት ሳለሽ አንዲት መስመር አስጽፌልሽ አላውቅም። ምን ብዬ አስጽፋለሁ? ከጎኔ ነበርሽ። አሁን ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ገብሱ ሲያሽት ነበር የሄድሽው፤ ይኸው ገብሱ ዳግመኛ አሽቶ፣ ሙት ዓመትሽ ተዘክሮ፣ ዳሱ ፈርሶ፣ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ገብቷል።

የምትጽፈው ልጅሽ ጥሩዬ ናት። ከቤሩት ተመልሳለች። ቀብርሽ ላይ ባለመድረሷ እስካሁን ታለቅሳለች፤ እኔ ተይ ብያታለሁ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው፣ እንደወጣ ጻፊው አልኳት። ወረቀቱ ላይ እርጥብ ነገር ካለ የሷ ነው፤ የኔ አይደለም።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ነጯ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ተዋጊ ናት። እርሻውን ሙሉ በሙሉ ደሳለኝ ይዞታል። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። በክረምቱ መግቢያ እርፍ ጨብጬ አንዱን ትልም ሳላደርስ እመሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፣ በልጄ ፊት። ደሳለኝ ጅራፉን ከእጄ ወስዶ በሬዎቹን ነዳቸው። ምነው በሰደበኝ። ከጓሮ ያለውን ወይራሽን ደግሞ፣ የወተት ዕቃ የምታጥኝበትን፣ የነሐሴ ንፋስ ጥሎታል። ጥሩዬ ማገዶ ይሁን ስትል ከለከልኳት። ለምን እንደከለከልኩ ያኔ ራሴም አላውቅም ነበር።

አሁን የምነግርሽን ስሚኝ፤ አትሳቂ። እንጨት መቅረጽ ጀምሬአለሁ።

ሞፈርና ቀንበር አላልኩም። እሱማ የወንድ ሙያ ነው። የኔ ቀንበር የበሬ ትከሻ እንደማይልጥ ወግዲ ድረስ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ የምልሽ ማንኪያ ነው። ጭልፋ። ሴቶች ጓዳ የሚገባ ነገር። የይመር እጅ፣ አርባ ዘመን እርፍ የጨበጠ እጅ፣ ቁጭ ብሎ ማንኪያ ይፍቃል።

ይህን ነገር ያመጣችብኝ ጥሩዬ ናት። ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ዶሮ ስቆጣ አይታ፣ ቤሩት የምትሠራበት ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የማዳሟ አባት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከእንጨት ወፍ ይቀርጹ ነበር ብላ አወራችኝ። ይሸጡታል ወይ አልኳት። አይሸጡም። ይበሉበታል? አይበሉበትም። ታዲያ ምንድን ነው? ሆቢ ይባላል አለችኝ፤ ለሆድም ለገበያም ሳይሆን ሰው ደስ ስለሚለው ብቻ የሚሠራው ሥራ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ እዚህ አይጻፍም። በማግስቱ ግን ቢላዋዋን ለመንኳት።

መጀመሪያ ከብሳና ማንኪያ ጠረብኩ፣ እርጥቡን። ሞፈር እርጥቡን ተጠርቦ እየሠራ ይደርቃል አይደል? ማንኪያም እንደዚያው መስሎኝ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እኩለ ቀን ሳይሆን አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። እልህ ያዘኝ፤ እልሄን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሦስተኛውን ጭድ ውስጥ ቀብሬ በጥላ አቆየሁት፤ እሱ ተረፈ። በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ፣ የኑግ ዘይት አሽቼ፣ ብርሃን ላይ ሳገላብጠው ጥሩዬ ከቤት ወጣችና አባባ እያንጎራጎሩ ነው አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ይኸ ነው የመጀመሪያው እፍረቴ። አንቺ አፈር ውስጥ ነሽ፣ ጥቁሬን አላወለቅሁም፣ እኔ ከጎተራው ጀርባ ተቀምጬ ደስ ብሎኝ አንጎራጉራለሁ። አንቺ በነበርሽ ጊዜ መቼ አንጎራጉሬ አውቃለሁ?

ከዚያ ወዲያ ተደብቄ ሆነ የምሠራው። ሰው ሲመጣ እንጨቱን ጋቢዬ ሥር አስገባዋለሁ። ፍቅፋቂው ግን ይቀራል። አንድ ቀን ደሳለኝ ከጎተራው ሥር ያንን አይቶ፣ አባባ፣ ምስጥ ገብቶልናል፣ ጎተራውን እየበላው ነው ብሎ ተጨነቀ። አመድ ተሸክሞ መጥቶ ዙሪያውን ሲነሰንስ ዋለ። እኔስ? አብሬው ነሰነስኩ። ምስጡ ራሱ አመድ ሲነሰንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ወይራው ትዝ አለኝ። ከሱ ጭልፋ ልሥራ፣ የዝክርሽ ወጥ በዚያ ይጨለፍ አልኩ። ወይራ እጅ ይበላል፤ ግን እሺ አለኝ። እጀታው ላይ ምን ልቅረጽ ብዬ ሳስብ የአንገትሽ ንቅሳት መጣልኝ። በልጅነትሽ የተነቀስሽው፣ እንደ ድሪ አንገትሽን የዞረው። ቢላዋውን አነሳሁ።

አላስታወስኩትም፣ አስካለ።

ይህን ስናገር ጥሩዬ መጻፉን አቁማ ታየኛለች። ጻፊ ብያታለሁ። ያረስኩባቸውን በሬዎች አንድ በአንድ ጠይቂኝ፤ የማን ግንባር ላይ ቦቃ እንዳለ፣ የማን ቀንድ እንደተቆለመመ፣ የቱ በየት ጎኑ ጠቃጠቆ እንደነበረው እነግርሻለሁ። ያንቺን አንገት አላወቅሁትም። መስቀል አለበት፣ መስመር አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። ስንት ዘመን አብረን ኖርን? ምን ሳይ ነበር የኖርኩት?

ከልጄ ለመንኩ። ጥሩዬ በፊት በስልኳ ያነሳችሽ ፎቶ ነበራት፤ አንገትሽን አጉልታ አሳየችኝ። ላዩ የመስቀል ረድፍ ነው። ከሥሩ እንደ እባብ የሚሄድ መስመር። ከሥሩ ነጠብጣብ። ከዚያ በታች ነጠላሽ ነው። ሦስት ረድፍ ነው በቃ ብዬ ሦስት ረድፍ ቀረጽኩ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ተረፈ፤ እንዲሁ ለስልሶ ቀረ።

በሙት ዓመትሽ ቀን ጭልፋውን በውሰት ከመጡት ዕቃዎች መሐል ወሸቅኩት። የኛን አገር ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ለዝክር ድስቱም ጭልፋውም ከየቤቱ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዷም እንዳይጠፋባት በዕቃዋ ላይ ክር ታስራለች። የኔው ክር አልነበረውም። ማን ያየዋል ብዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ወጥሽ በሱ ተጨለፈ። ዳሱ ሥር ተቀምጬ ከሩቁ አየው ነበር፤ ቄሶቹ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ይቅር በይኝ።

ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ሴቶቹ ዕቃውን ሜዳው ላይ ዘርግተው ይለያዩ ጀመር። እንደ ልማዱ ዘርፌ፣ አብሮ አደግሽ፣ መሐል ቆማ አንድ በአንድ እያነሳች ይሄ የማን ነው ትላለች፤ ባለቤቷም የኔ ትላለች። ጭልፋዬ ላይ ደረሰች። አነሳችው። ይሄ የማን ነው? ዝም። ክር የለውም። አገላበጠችው፣ እጀታውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ እንደገና ጠየቀች። ይሄ የማን ነው?

ጥሩዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ክብሬን ጠብቃ አፏን አልከፈተችም፤ እኔን ነው የጠበቀችው።

ያኔ ደሳለኝ ከወንዶቹ መሐል ሆኖ ቀለደ። ወንድ ልጅሽ ቀልድ ያውቃል፤ ካንቺ ነው የወረሰው። ይሄን የሠራ ሰው ማሳው ጦም አድሮበታል፣ ለአንድ ጭልፋ ይሄን ሁሉ ጌጥ የሚያበጅ ሥራ ፈት በኛ ቀበሌ የለም፣ ከወረኢሉ ጠፍቶ የመጣ ይሆናል አለ። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ።

እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ እስኪታይ ሳቅሁ። በራሴ እጅ ላይ፣ ባንቺ አንገት ላይ፣ በዝክርሽ ቀን።

ዘርፌ አልሳቀችም። ጭልፋውን ነጠላዋ ሥር አስገብታ፣ ባለቤት ካጣ እኔ ጋ ይደር ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ጥሩዬ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እሷ ዝም ባለች ቁጥር እኔ አነስኩ። ትናንት ጠዋት ዱላዬን ይዤ ተነሳሁና ዘርፌ ቤት ሄድኩ። ዘርፌ እንደምታውቂያት አንቱ አትለኝም። ጓዳዋ በር ላይ ቆሜ ስንተባተብ፣ አያ ይመር፣ ዛሬስ ጭልፋ ፍለጋ የሚዞር ሽማግሌ አየሁ አለችኝ። ግንባሬን ቋጥሬ የኔ ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። ካወቅሽ ለምን ወሰድሽው አልኳት፣ ቁጣ አስመስዬ። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? አንተ ዝም ስትል ታዲያ አስካለን ሜዳ ላይ ጥያት ልሂድ?

ጭልፋውን አምጥታ እጀታውን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። እኔና እሷ በአንድ ቀን፣ በአንዲት ነቃሽ እጅ፣ በአንድ እሾህ ነው የተነቀስነው፤ አራተኛው ረድፍ የታለ አለችኝ።

አራተኛ እንዳለ አላውቅም ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። በኋላ ግን ተናገርኩ። ከስልክ ነው ያየሁት፣ ነጠላዋ ሸፍኖት ነበር፣ እኔ ረስቼዋለሁ አልኳት። ዘርፌ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። የገዛ ሚስቱን አንገት ከስልክ የሚቀዳ ባል! ከዚያ ሳቋ ቆመ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገችው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እይ እንጂ፣ አብሽር፣ ያኔ ያላየኸውን ዛሬ እይ አለችኝ።

አየሁ። ከነጠብጣቡ ሥር የቆቅ እግር ነው። ትንንሽ ሦስት ጣት፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ አንገቷን ዞሮ ይሄዳል። እሷ አንቺ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ግን አንቺን ያየሁ መሰለኝና ዓይኔን ጢስ ገባው አልኳት። እሳት አልነደደም ነበር። ከምድጃዋ ከሰል አንስታ ባዶው ቦታ ላይ የመጀመሪያዋን እግር ራሷ ሣለችልኝ።

ስመለስ ጭልፋውን ጋቢዬ ሥር ላስገባው እጄን ልኬ ነበር። ተውኩት። በእጄ ይዤው ሄድኩ፣ እንደ ዘንግ። ወፍጮ ቤቱ ደጅ ደሳለኝ እህል ይዞ ከእኩዮቹ ጋር ተራ ይጠብቃል። ከሩቅ አይቶኝ ዓይኑ ጭልፋው ላይ ቀረ። አጠገቡ ደርሼ፣ ያ ሥራ ፈት ያልከው እኔ ነኝ፤ ከወረኢሉ አልመጣሁም፤ ምስጡም እኔ ነኝ አልኩት። ልጅሽ ፊቱ እንደ በርበሬ ሆነ፤ ጉልበቴን ስሞ ይቅር በሉኝ ሊል ጎንበስ አለ። እንዳይስመኝ ትከሻውን ያዝኩት። ይቅር የሚባለው እሱ አልነበረም። ከመሐላቸው አንዱ፣ እንግዲህ የሞፈራችንንም ጫፍ ያስጌጡልናላ አለ፤ ሳቁ። ይሳቁ። ጆሮዬ ጋለ፤ እግሬ ግን አልቆመም።

አሁን ይኸን ሳስጽፍ ቢላዋው ጭኔ ላይ ነው። የቆቋን እግር ግማሽ አድርሼዋለሁ። አንዷ እግር ተጣምማለች፤ አላስተካክላትም። እፍረቱ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። ጥሩዬ ጭልፋውን ምሰሶው ላይ እንስቀለው ትላለች። እኔ አይሆንም አልኳት። አንቺ ሥራ ፈቶ የሚንጠለጠል ዕቃ አትወጂም። ወጥ ይጨለፍበት፣ ይጥቆር፣ ይለስልስ። ለጎረቤት ዝክርም ይሄዳል። ክር አሥሬበታለሁ፣ ቀይ ክር። ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይሄ የማን ነው ሲባል፣ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ከወንዶቹ መሐል ተነስቼ የኔ ነው እላለሁ። እኔ ስሄድም ልጆችሽ ይላሉ፤ አስምያቸዋለሁ።

እኔ አልረሳሽም እያልኩ አልምልልሽም፤ አንዴ ረስቼ ተገኝቻለሁና ቃሌን የምታምኚበት ምክንያት የለሽም። ግን በየቀኑ እዳብሰዋለሁ፦ መስቀሉን፣ እባቡን፣ ነጠብጣቡን፣ የቆቋን እግር። ዓይኔ ቢጠፋ እንኳ ጣቴ ያውቅሻል።

ስመጣ ነጠላሽን ዝቅ አድርጊልኝ። ላመሳክር አይደለም። ላይሽ ነው።

ባልሽ ይመር