የግድግዳው ሹካዎች

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ነፋስ አለ፣ አቧራ። ክፍሌ ውስጥ ሦስት ነን፦ እኔ፣ ባሌ ታፈሰ፣ የሥራ ጓደኛው ጎሹ። ጎሹ ይነግረኛል፣ እኔ የወተት ካርቶን ጀርባ ላይ እስላለሁ። የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ነው፤ አዳማ ያለው ሐኪም ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው። ሹካ የመሰሉ ምልክቶች። አንዱ ጥርሱን ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ። እዚህ ወደብ ከተማው ዳር፣ ፔካ 12 መኪና ማቆሚያ ላይ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮች በቃላቸው ይዘውታል። ያለፈ ላላለፈ ያስጠናል።
ታፈሰ በሚቀጥለው ሳምንት መንጃ ፈቃዱን ያሳድሳል። ያለ ሐኪም ወረቀት አይታደስም። ካልታደሰ ደግሞ ተሳቢውን ይዞ ጋላፊን አያልፍም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የተመላለሰበት ኬላ።
ጎሹ ሥዕሌን አይቶ፣ እትዬ ዘነቡ ሐኪም መሆን ነበረብሽ አለኝ። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ። አልዋሽሽም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6
ጋቦዴ ሰፈር፣ የምሠራላት ማዳም ቤት ሥራ ጨርሼ መጣሁ። ታፈሰ አንድ ዓይኑን በቆቡ ሸፍኖ ካርቶኑ ፊት ቆሟል። በማማሰያ እየጠቆምኩ ጠየቅኩት። ከአምስቱም መስመር አንድም አልሳተ። ማንበብ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ የለቀምኩት ሴትዮ፣ ዛሬ አስተማሪ ሆንኩ።
ፊደሌ ገዝፏል። ብዕሩ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7፣ ከሥራ መልስ
ለዳቦ ያቦካሁትን ሊጥ ዝንብ እንዳይነካው ካርቶኑን ከግድግዳው አንስቼ ከደንኩት። ታፈሰ ታጥቦ ወጣ። የተለመደው ቦታው ቆመ፣ ዓይኑን ሸፈነ። ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች... ለባዶ ግድግዳ! እስከ መጨረሻው መስመር።
ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።
«ታፌ፣ ካርቶኑ የት ነው?»
«ፊቴ ነዋ።»
ሊጡን አሳየሁት። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረኝ። ባለፈው ወር ከጋላፊ ወዲህ መንገድ ላይ ድንጋይ አየሁ ብሎ ሊያልፈው ሲል ድንጋዩ ተነሣ። ግመል። ለማንም አልነገረም።
ለምን መነጽር አታደርግም? አልኩት። መንጃ ፈቃድ ላይ መነጽር ከተጻፈ ባለመኪናው ቁልፉን ይቀበለኛል አለ። የማንን ተቀበለ? አልኩት። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው ብሎ ተቆጣ።
ራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 8
የዕረፍት ቀን። ነፋሱ ቆሟል። ሐኪሙ ለታፈሰ የሚሞላለትን የምርመራ ቅጽ አወጣሁ። አራት ቦታ ታጥፏል። ጀርባውን ማንም ያነበበው አይመስልም። ደቃቅ ፊደል ነው፣ በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመነጽር የሚያይ ሰው ያልፋል ይላል። ሲነዳ ማድረግ ብቻ ነው ግዴታው።
ለታፈሰ ሁለቴ አነበብኩለት። ሦስተኛ አስነበበኝ። ጎሹ ጋ ደወለ። ጎሹ ጮክ ብሎ ሲስቅ እስከኔ ይሰማል፦ «በቃ፣ ፕሮፌሰር ልትመስል ነው!» ታፈሰ ስልኩን ዘጋ።
የመነጽር ሱቁ ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9
ገበያው አጠገብ ካለው ሱቅ መነጽሩን አድርጎ ወጣ። እስከ ሰፈራችን ካርቲየ 1 የየሱቁን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እያነበበ መጣ። ፈረንሳይኛውንም፣ ሳይገባው። ሰው ዞሮ ያየናል። አላፈርኩም። ቤት ስንደርስ አትኩሮ አየኝ። ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ እንዴ? አሥር ዓመት ሆነው አልኩት።
ከሰዓት በኋላ ወደ አዳማ ሄደ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 13፣ ማታ 1 ሰዓት
ደወለ። አለፈ! መንጃ ፈቃዱ ላይ በመነጽር ተብሎ ተጽፏል። ሰሌዳው ያው የኛው ነበር። በቃሌ ባውቀውም እያየሁ ነው ያነበብኩት አለኝ። ባለመኪናው እንዳትሰብረው ብቻ ነው ያለው። ጎሹ የሱቁን አድራሻ ጠይቆታል፤ ለዘመድ ነው ብሎ።
ይህን በአዲስ ብዕር እየጻፍኩ ነው። ቀጭን ነው። ፊደሌ ያው ግዙፍ። ደብተሬ፣ ክንዴን ዘርግቼ ነው የማይሽ። ብዕሩ አልነበረም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ ጠዋት
ማዳምን በስልክ አስፈቀድኩ። ክፍሉን ጠረግኩ። ካርቶኑን የሽንኩርት መደርደሪያው ላይ አነጠፍኩት። ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ። 2 ሰዓት ተኩል ሱቁ ደረስኩ። ሰውዬው አስቀመጠኝ፣ ትንሽ ካርድ አስያዘኝ። ሹካዎች። ቅደም ተከተላቸው ሳይቀር ያው። ምላሴ ላይ መጡ፣ አምስቱም መስመር።
ሦስተኛው መስመር ላይ ጠቆመ።
አይታየኝም አልኩት።