ለአባዬ መሪ የሚስማማው ዘይት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን

ዛሬስ አልቆጣውም ብዬ ብዕር ላነሳሁለት፣ ለምወደው ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? የውጭ አገር ሥራው እንዴት ይዞሃል? ያ የማይለቅህ ሳልስ? እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነኝ ይላል። ሰላምታው በዚህ ይብቃን፤ ከዚህ በላይ ካስረዘምኩት ሆዴ ይባባና የተነሳሁበትን ሳልናገር እቀራለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ አንተና አባዬ ስለ ዘይት ማውራት ከጀመራችሁ ለእኔ የሚተርፈኝ «በይ ደህና ዋይ» ብቻ ነው። ወረቀት ግን መሃል ላይ አያቋርጠኝም።

ወንድሜ፣ ዘይት ሰለቸኝ። የምሠራበትን ክፍል ታውቀዋለህ፤ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናዬ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ። አሁን ጠረጴዛው ስር የጨርቅ ቁራጭ ያለ እንዳይመስልህ። የተጋመሰ ቀይ ዘይት አለ፣ የተጋመሰ ቢጫ ዘይት አለ፣ ከጋራዥ የመጣ ምንነቱ የማይታወቅ ጥቁር ነገር አለ፣ ዘይት ማውረጃ ተብሎ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት አለ። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት የሙሽራ እናት የሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ልሰጣት ስዘረጋው፣ የአባዬ አውራ ጣት ጫፉ ላይ በቀይ ታትሞ አገኘሁት። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ በሳሙና አሻለሁ፣ እሱ ከጓዳ ሆኖ «የካምቢዮ ዘይት ነው፤ ቤንዚን አስነኪው ይለቃል» ይለኛል። ነጭ ሐር በቤንዚን። ደሜ ፈላ።

አጀማመሩን አንተ ከአባዬ አፍ ነው የሰማኸው፤ እስቲ ደግሞ እኔ ያየሁትን ስማ። አንድ ቀን የሚያመላልሳቸውን የሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ መሪው ከበደኝ አለ። ሚኒባሱ አርጅቷልና አልገረመኝም። ጥግ ላይ ወዳለው ጋራዥ ወሰደው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ ፕሮፌሰር ነው የሚለው፤ ኮፈን ከመክፈቱ በፊት ንግግር ስለሚያደርግ ነው። ፕሮፌሰሩም የመሪው ዘይት ጎድሏል አለና ቀዩን የካምቢዮ ዘይት ሞላበት። ይሄ እኮ ለካምቢዮ ነው ስለው፣ መሪና ካምቢዮ ወንድማማች ናቸው፣ እዚህ የሚመጣ መኪና ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጠጣው አለኝ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው በዞረ ቁጥር ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ይጮህ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ሰዓት ማየት ተዉ፤ አባዬ ከግቢ ሲወጣ እየሰሙ ይነሳሉ።

ያኔ ነው አንተ በስልክ የገባህበት። የዘይቱ ዓይነት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል፣ ክዳኑ ምን ይላል ብለህ ጠየቅከው። አባዬ ሄዶ አየና «ንጹህ ነው» ብሎ መለሰልህ። እውነቱን ነው፣ ንጹህ ነው። ሰውየው እሁድ በመጣ ቁጥር ኮፈን ከፍቶ፣ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ያንን ክዳን ሲፈትገው ስንት ዘመኑ። አምራቹ የጻፈው ጽሑፍ ከነቀለሙ ተጠርጎ ሄዷል። ሌላው ሰው መኪናውን በቆሻሻ ይገድላል፣ የእኛው አባት በጽዳት።

ከዚያ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ላክኸኝ። ባለሱቋ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ቢጫ ዘይት ሰጠችኝ። ለሁሉም የሚሆን ነገር ለአንዱም እንደማይሆን እኔ በልብስ አውቀዋለሁ፤ ግን ምን ላድርግ፣ ገዛሁ። ቢጫው በቀዩ ላይ ሲጨመር ማጠራቀሚያው ውስጥ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ደፈቀ። አንተ ደግሞ በስልክ እኔ ላይ ጮህክ፣ የቀላቀልኩት እኔ ይመስል። ይህ መኪና የራሱ ዓይነት ዘይት አለው፤ ሌላው የፓምፑን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያበሰብሰዋል፤ ያለው በሙሉ ወጥቶ ይታጠብ አልከኝ። እሺ አልኩ። የሻንሲ ቁጥሩን ላኪ አልክ፣ መኪናው ስር ተንጋልዬ ገልብጬ ላክሁልህ። አንተም ልኩን አገኘህና በመንገደኛ ላክህ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለብህም፤ እንዲያውም ኮራሁብህ።

ጠርሙሱ የመጣ ቀን አባዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን አየው። ከዚያ ክፈቺልኝ አለኝ። ለምን አንተ አትከፍተውም ስለው፣ እጄ ቅባት ነክቶታል አለ። እጁ ቅባት አልነበረውም። ከፈትኩለት። ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ነገሩን አላጤንኩትም።

ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ፣ ቱቦውን ባልዲ ውስጥ ከትቶ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ አሮጌውን ዘይት አስወጣ። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ በመጨረሻ የአንተው ዘይት ጥርት ብሎ ወረደ። ጩኸቱ በዚያው ጠፋ። ፕሮፌሰሩ እንኳ ለአንድ ጊዜ ንግግር ሳያደርግ «አሁን ቅቤ ሆነ» ብሎ ወረደ። አባዬ ገብቶ ያዘው፣ ወዲህ ወዲያ አለውና አሁንም ይከብዳል አለ። ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ያንተ ክንድ የመካኒክ ክንድ ነው» አለው አባዬ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው ልቤን ያወለቀው። ደወለልህ፣ አየር ገብቶበት ይሆናል አልከው። አየሩ ወጣ። ደወለልህ፣ ፓምፑ ደክሞ ከሆነ ቀጠን ያለ ሌላ ዓይነት አለ፣ ላፈላልግ አልከው። ፓምፑ ታየ፣ ደህና ነው። ደወለልህ፣ ይበልጥ ጥሩ የሚባል አዲስ ዘይት ወጥቷል አልከው። አንተ እዚያ ሆነህ የዘይት ስም በጠራህ ቁጥር እሱ እዚህ «ወንድምሽ እያፈላለገ ነው» ይልና ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ያነሳል። መኪናው ውስጥ የሚገቡት ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው፤ ገና ቦርሳቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ልጆች።

ስለ ሸሚዞቹ አልነገርኩህም። ከወር በፊት ይመስለኛል፣ ሸሚዞቹን ሁሉ ተሸክሞ መጣና ቁልፎቹን ፍቺልኝ፣ ጫን ሲሉት በሚዘጋው ቁልፍ ቀይሪልኝ አለኝ። ፋሽን ሆነ ወይ ብዬ ቀለድኩበት፤ ሳቀ። እኔም ስቄ ቀየርኩለት። የቀኝ እጅጌውን ግን ጫን ቢለውም ሳይዘጋ ነው ከቤት የሚወጣው። አባዬን ታውቀዋለህ፤ አንድ ቁልፍ ተከፍቶ ልጅ ከበር አያስወጣም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን መታጠፊያ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። መኪናው ጠርዙን ወጥቶ የአበባ መደቡ ላይ ቆመ። ማንም አልተጎዳም፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፣ ተመስገን። ግን በዚያ በር ልጆች ይተራመሳሉ፤ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ማን እዚያ ይቆም እንደነበር አስበው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። መኪናው ውስጥ የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ለእናቷ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ጋሼ በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚያዞረው» አለቻት። ይህን ለማወቅ የሻንሲ ቁጥር አልጠየቀችም።

ማታ እራት ላይ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ለመኪና ዘይት ሐኪም ምን ይሠራል አለኝ። ስለ መኪናው አይደለም የማወራው ስለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሬዲዮ ከፈተ። እኔም ተነስቼ ሳህኖቹን እያንኳኳሁ አጠብኩ። አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ እሱ በሬዲዮ እኔ በሳህን ስንጣላ አመሸን።

በማግስቱ ልጆቹን እንዲወስድ መከልከል ነበረብኝ፤ አባትን እንዴት ነው የሚከለክሉት? ከሱ ቀድሜ ወጣሁና ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ወንድሜ፣ መሪውን በሁለት ጣት አዞርኩት። እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ። ቀለለኝ። ምነው በከበደኝ ብዬ ለመንኩ፤ እንደገና አዞርኩት፣ ያው ነው። ቀና ስል አባዬ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንዳየኝ አላውቅም።

«ቀለለሽ?» አለኝ።

ልዋሸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ቀለለኝ፣ አባዬ» አልኩት።

ግራ እጁን በቀኝ እጁ ያዘ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደደም። እንደዚያ ዓይነት ፊት እማዬ ያረፈች ጊዜ እንኳ አላየሁበትም። ከዚያ በተከፈተው መስኮት በኩል ሞተሩን በቀኝ እጁ አጠፋው፣ ቁልፉንም ነቅሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ዘይቱ ነው» አለኝ። «ለወንድምሽ ዘይቱ ነው ብለሽ ጻፊለት። ልኩ እስኪመጣ አልነዳውም።»

«እሺ፣ እጽፋለሁ» አልኩት።

ይኸው ጻፍኩ፤ ዘይቱ ነው። ለወላጆቹም መኪናው የመሪ ዘይት ከውጭ እየጠበቀ ነው አልኳቸው፤ ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ሹፌር ይወስዳቸዋል። አባዬ ጠዋት ጠዋት በልማዱ ይነሳል፣ ይላጫል፣ በር ላይ ቆሞ ልጆቹ በሌላ መኪና ሲያልፉ እጁን ያነሳላቸዋል። ከዚያ ገብቶ «ደወለ? አገኘ?» ይለኛል። ሐኪም የሚለውን ቃል ሳነሳ አሁንም ሬዲዮውን ይከፍታል። እኔ ደግሞ ከሱም ካንተም ጋር ተጣልቼ፣ ጨርቅ እየቆረጥኩ መቀሱ ላይ ነው ንዴቴን የምወጣው። የምቆጣህ ዘይት ስለላክህ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ከመኪናው አልፈህ «አንተስ እንዴት ነህ?» ብለህ መልሱን እስኪጨርስ ስላልጠበቅህ ነው። አንተ ብትጠብቀው ይነግርህ ነበር፤ ለእኔ አይነግረኝም።

ስለዚህ ስማኝ። እስከ ዛሬ ስታፈላልግለት ነበር፤ አሁን ግን እንዳታገኝለት። ቢደውልልህ ሱቅ ሁሉ ጠፋ በለው። በመንገደኛ ብልክልህ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ራሴ በእጄ ይዤልህ እመጣለሁ በለው። እሱ ይጠብቃል፤ አንተ ካልከው ይጠብቃል። ግን ቶሎ ና፣ ይሄ የሚያስጠብቅ ነገር አይመስለኝም። ስትመጣም እዚያው ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተህ አፍስስለት፣ ክዳኑን ወልውልለት። ከዚያ አባዬ፣ መንገድ ላይ ልሞክረው፣ ከጎኔ ተቀመጥ በለው። ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት አልሄድም ብሏል፤ አንተ ግን መኪና ስትሞክር ወዴት ነው የምትነዳው ብሎ አይጠይቅህም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃም ቢሆን እኔ ግድ የለኝም።

መንገድህን ያቅናልህ፣ በደህና ያግባህ፣ ከአባታችን ጋር በጤና ያገናኘን። ሳልህንም ተከታተለው፣ አንተም ብትሆን የዚያ ሰውዬ ልጅ ነህ።

የምትናፍቅህና የተቆጣችህ
እህትህ